ዘጠኝ ነጥብና ስምንት ኪሎ በሶ

ሞላሌ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካለም፣

የጅቡቲ ሙቀት ካላቀለጠሽ ይህ ወረቀት በሰላም ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ደህና ወጣልን፣ ገብሱም አምሯል፤ ውርጩ ሳያልፍ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም። እናትሽ አክስቴ አዛለች «ጉልበቴን እንጂ ምላሴን አላመመኝም በላት» ብለዋል። ባለቤቴ ኮከቤም ሰላም ትልሻለች።

ስልኩን እንደምታውቂው ነው። አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ ይህን ያመጣልሽ ገብረ አማኑኤል ነው፣ የቀየት ከተማው ሰው፣ ወደ ጅቡቲ ተሳቢ የሚነዳው። መልሱንም ለእሱ ስጪው።

የጻፍኩልሽ በምክንያት ነው። በተራ ላስቀምጠው፤ ካልዘረዘርኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቂያለሽ።

አንደኛ፦ ልጄ ፅዮን አስራ ሁለተኛን ተፈትና ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም። ትንሽ ነው የጎደላት። እኔም በጊዜዬ ጎድሎኛልና በምን አፌ ልቆጣት? ደብረ ብርሃን የግል ኮሌጅ ገብታ አዋላጅ ነርስ መሆን ነው ሐሳቧ።

ሁለተኛ፦ በእጄ አርባ ስድስት ሺህ ብር አለ። በጎቹ አስራ አንድ ናቸው፣ አንዷ አንካሳ ናት።

ሦስተኛ፦ ባለፈው ገበያ «ክምር የታሸጉ ምግቦች አክሲዮን ማኅበር» የሚባል ድርጅት ሰው ልኮ ነበር። ቴዎፍሎስ ይባላል፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ጫማው የሚያበራ ልጅ። ድንኳን ተክሎ የታሸገ በሶ፣ የታሸገ ቆሎ፣ የታሸገ ሽሮ በነፃ ሲያድል ዋለ። ገብሱ የኛው አገር ነው አለ። ትንሹ መግዣ መቶ ሺህ ብር ነው፣ ሽያጩም ጥር 30 ይዘጋል። «ትርፉ በየዓመቱ የልጅዎን ትምህርት ይከፍላል፣ ዋናውን ማንም አይነካውም» ሲለኝ ሆዴ ባባ። ኮሌጁን አሁን ብከፍል ገንዘቡ በዓመት ያልቃል። ይህን ብገዛ ግን ለሷም ለታናናሾቿም ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። በጎቹን ሁሉ ሸጬ ነው ታዲያ የሚሞላው።

አራተኛ፦ ኮከቤ አልተስማማችም። «በግ ትወልዳለች። ወረቀት ሲወልድ አላየሁም» አለች።

አምስተኛ፦ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ሁለት እሽግ በሶ በነፃ ወስደው ሲያበቁ «ልጄ፣ በነፃ የሚያበላህን ሰው ኪስህን በሁለት እጅህ ይዘህ ብላለት» አሉኝ። በየትኛው እጄ እንደምበላ ግን አልነገሩኝም።

አንቺ ይኸው ስንት ዓመትሽ፣ የታሸገ ምግብ የሚያስመጣ ድርጅት ሒሳብ ያዥ ነሽ። ልግዛ ወይስ ልተው?

በሶውን እናትሽ ቀምሰው «ተፈጭቷል፣ ግን ሰው አልቆላውም» አሉ። እኔ ግን አንዴ ስጎርስ ያ የኪራይ ቤታችን መጣብኝ። አንቺ ስምንተኛ፣ እኔ አስራ ሁለተኛ፣ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ጓሮ። የሣር ክዳናቸው እንዳይነድ ፈርተው እሳት የከለከሉን ጊዜ። ሰንበት ከቤት ስንቅ ይዘን መጥተን እስከ አርብ በሶ በውሃና በጨው እየጨበጥን ስንበላ። ሁልጊዜ «ጠገብኩ» ብለሽ ጣሳውን ወደኔ ትገፊው ነበር፣ ፈተና ያለበት እሱ ነው ብለሽ። ሆድሽ ሲጮህ እሰማ ነበር እኮ። በሶሽንም በላሁ፣ ፈተናውንም ወደቅሁ።

መልሱን ቶሎ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ውባየሁ ፈንታ

*

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ውባየሁ፣

የአገሬን ብርድ በፖስታ ውስጥ አሽገህ ብትልክልኝ ምን ነበረበት! ደብዳቤህን ሳወጣው ወረቀቱ የጭስና የበግ ጠጉር ይሸታል። ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ አንዴ ደግሞ አሸተትኩት። እኔ ደህና ነኝ። ያው ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሌ ናት፣ በመስኮቷ መርከብ ሲገባና ሲወጣ አያለሁ። ለእማዬ ሦስት ሺህ ብር በገብረ አማኑኤል ልኬአለሁ። ጉልበታቸውን በቅቤ እሹላቸው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ልግዛ ወይስ አልግዛ አትበለኝ። ጫማው የሚያበራውን ልጅ ሒሳቡን አምጣ በለው። የሁለት ጊዜ ሒሳብ ጎን ለጎን የተጻፈበት፣ ያለፈውና ያሁኑ። ከዚያ ዘጠኝ ጥያቄ ትጠይቀዋለህ። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ያወጣው መመዘኛ ነው፤ እኔን ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡት የድሮ አለቃዬ ናቸው። «አዎ» ከሆነ አንድ፣ «የለም» ከሆነ ዜሮ። የማታውቀውን ዜሮ በለው፤ የሚደበቅ ነገር ባብዛኛው ዜሮ ነው። እንግዲህ ዝርዝር ትወድ የለ፣ እንካ፦

1. አትርፏል ወይ?
2. ከሥራው ጥሬ ገንዘብ እጁ ገብቷል ወይ?
3. ትርፉ ካለው ሀብት ጋር ሲመዘን ካለፈው ይሻላል ወይ?
4. እጁ የገባው ጥሬ ገንዘብ «አተረፍኩ» ካለው ይበልጣል ወይ? ይህቺን እንዳታልፋት። በወረቀት ማትረፍ ቀላል ነው። በዱቤ ሰጥቶ «ሸጥኩ» የሚል ሞልቷል።
5. የረጅም ጊዜ ዕዳው ቀንሷል ወይ?
6. እጁ ያለው ቅርብ ጊዜ የሚከፍለውን ለመሸፈን ካለፈው ይሻላል ወይ?
7. አዲስ አክሲዮን ሳይሸጥ ከርሟል ወይ?
8. ከአንድ እሽግ የሚቀርለት ጨምሯል ወይ? ገብሱ፣ ላስቲኩ፣ ማገዶው ተወራርዶ።
9. ባሉት ማሽኖችና ንብረቶች ልክ ሽያጩ ጨምሯል ወይ?

ሰባትና ከዚያ በላይ ካገኘ ጠንካራ ነው። ሦስትና ከዚያ በታች ከሆነ ሽሽ። በግ ስትገዛ ጥርሷን ገልጠህ፣ ላቷን ጨብጠህ፣ ዓይኗን አይተህ እንደምትወስነው ነው። ግን ጋሼ፣ ጤነኛ በግም በውድ ከተገዛች ታከስራለች። ነጥቡ ጤናዋን እንጂ ዋጋዋን አይነግርህም። የነገንም አይነግርህም።

ስለ ጣሳው የጻፍከውን ተወው። እውነቴን ነው፣ እጠግብ ነበር።

እህትህ ሰርካለም

*

ሞላሌ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሒሳብ አዋቂዋ እህቴ፣

በዘጠኝ ጥያቄ ከዘጠና ሐሳብ ያሳረፍሽኝ፣ እግዜር አንቺንም ያሳርፍሽ። ገንዘቡ ለእናትሽ ደርሷል። ቆጥረው ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። «ልጄ ከምትልክልኝ ራሷን በላከች» አሉ። የላከችው በቂ ነው፣ ይመስገን በሉ ብላቸው «አንተ ዝርዝርህን ጻፍ» አሉኝ።

እኔም ጻፍኩ። አዲስ ደብተር ገዛሁ። ቴዎፍሎስ እንደገና ሲመጣ «ሒሳቡን» አልኩት። ሳቀ። «አባቴ፣ በሶውን ቀምሰው የለ እንዴ?» አለኝ። «በሶውን ቀምሻለሁ፣ አሁን ሒሳቡን ልቅመስ» አልኩት። በገበያው የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ከቦርሳው ባለቀለም መጽሔት አወጣና ሰጠኝ። ሁለት ዓምድ አለው፣ «ያለፈው ጊዜ» እና «ያሁኑ ጊዜ» ይላል። ቁጥሩን አንድም ሳላስቀር ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ከታች በደቃቁ ወራት ተጽፈዋል፤ እነሱንም ገልብጫለሁ።

ሰባተኛውን ግን ራሴ ፈትቼዋለሁ። ዜሮ! አዲስ አክሲዮን ሊሸጥልን መጥቶ የለ እንዴ ድንኳን የተከለው።

እጄ ስላላረፈ በጎቹንም መዘንኳቸው። ከአምናው ጨምረዋል ወይ፣ አንድ። ዕዳ አለባቸው ወይ፣ የለባቸውም፣ አንድ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ከዘጠኝ አገኙ። ኮከቤ «እኔንስ መዝነኸኛል?» አለች። ደብተሬን ዘጋሁ። ነጥቡን ብነግራት እራት አልበላም ነበር።

የአገሩን ወሬ ደግሞ እንካ በይ። የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አይተው ሣሩ ሳስቷል፣ ሦስት ዓመት ማንም ማጭድ እንዳያነሳ፣ ከብትም እንዳይገባ አሉ። የኔ ጣሪያ ደግሞ ዘንድሮ ሊከደን ነበር፣ እንግዲህ እያፈሰሰ ይከርማል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አንቺንም እኔንም በፈረስ ወደዚያ የወሰደን ቀን ትዝ አለኝ። ሣሩ ከአንገትሽ በላይ ነበር። ጠፋሽብን። ስንጠራሽ «እዚህ ነኝ» ትያለሽ፣ ግን አትታይም። አባቴ «አትጮሁ፣ ሣሩ ሲወዛወዝ ተመልከቱ» አለ። በዚያ አገኘንሽ።

መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ጥር 30ን አትርሺ።

ውባየሁ

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም በያላችሁበት ይድረስ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ።

ቁጥሮቹን አየኋቸው። አትርፏል፣ አንድ። ጥሬ ገንዘቡ ገብቷል፣ አንድ፤ ካተረፈው በላይም ነው፣ አንድ። ትርፉ ካለፈው ተሻሽሏል፣ ከእሽጉ የሚቀረው ጨምሯል፣ ሽያጩ ጨምሯል። ዕዳው አልቀነሰም፣ እሱ ዜሮ። የቅርብ ጊዜ ክፍያውን ለመሸፈን ካለፈው ይሻላል። ሰባተኛው አንተ እንዳልከው ዜሮ። ባጠቃላይ ሰባት ከዘጠኝ ነው። ጠንካራ ነው ጋሼ። መግዛት ትችላለህ።

ክፍል ቀይሬአለሁ። መጋዘኑ አጠገብ ነኝ፣ መመላለሱ ቀረልኝ። ለእማዬ በሚቀጥለው እልካለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሁለት ኪሎ ያህል በሶ ካለ ላክልኝ። የእማዬን እጅ ናፈቀኝ። ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ አይደለም፣ እዚህ ምግብ ሞልቷል፣ ታውቃለህ።

ሰርካለም

*

ሞላሌ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካለም፣

ከነገ ወዲያ ጥምቀት ነው፤ በረከቱ ከድንበር ማዶም ቢሆን ይድረስሽ። በሶውን በገብረ አማኑኤል ልኬዋለሁ። እናትሽ ቁጭ ብለው እያዘዙ ኮከቤ ቆላችው፣ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ነው፣ ቶሎ የሚፈለፈለው። ሁለት ኪሎ ብለሽ ሦስት አድርገውታል።

አሁን ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። አልገዛሁም።

ሰባት ነጥብሽ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ የበጎቹን ሽያጭ ልስማማ ወደ ቀየት ገበያ ወረድኩ። መንገዴን ወሰኔ ሱቅ ገባሁ። የክምር በሶ መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ አቧራ ለብሷል።

«አይሸጥልህም እንዴ?» አልኩት።

«አሁን? ማን ይገዛዋል? ገብስ ገና ከአውድማ ገባ፣ ሁሉም ቤት በሶ አለው። ሁዳዴ ይምጣ እንጂ! ያኔ ተማሪው፣ ሾፌሩ፣ ሠራተኛው፣ ጾመኛው ሁሉ በሶና ሽሮ ነው። አምና በሁዳዴ ካርቶን አልቆብኝ በሰው ስልክ ስለምን ነበር» አለኝ።

ሰርካለም፣ እዚያው ቆሜ ደብተሬን አወጣሁ። ከታች በደቃቁ የተጻፉትን ወራት አየኋቸው። «ያለፈው ጊዜ» ማለት ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ። «ያሁኑ ጊዜ» ማለት ከጥር እስከ ሰኔ። ሁዳዴ ያለበትን ስድስት ወር ሁዳዴ ከሌለበት ስድስት ወር ጋር አሰልፈውታል! ፍልሰታ አጭር ናት፣ በነቢያት ጾም ደግሞ አዲስ እህል ገብቶ ሰው የራሱን ይበላል። በግ ከመውለዷ በፊትና ከወለደች በኋላ ቆጥሮ «መንጋዬ እጥፍ ሆነ» እንደማለት ነው።

ቴዎፍሎስ ሲመጣ «የካቻምናውን ሁዳዴ አምጣ፣ ሁዳዴን ከሁዳዴ ጋር ልመዝን» አልኩት። ቦርሳውን አንስቶ ሊሄድ ተነሳ። ደግነቱ መሪጌታ አብረውኝ ነበሩ፤ «ልጄ፣ ጾምን ከፍስክ ጋር የሚያወዳድር ቄስ ቢሆን እንኳ አይቀድስም» አሉት። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉውን አመጣው። እኔና ፅዮን አንድ ቀን ሙሉ ፈጀን። ቁጥሩን እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ሦስት ከዘጠኝ።

ከእሽጉ የሚቀረው ቀንሷል። ሽያጩ ማሽኑ ከጨመረው በታች ነው። ጥሬ ገንዘቡ ካተረፍኩ ካለው አንሷል፣ በዱቤ በትኖታል ማለት ነው። «ሦስት ከሆነ ሽሽ» ብለሽ የለ፣ ሸሸሁ። ፅዮን ለየካቲት ኮሌጅ ተመዘገበች፣ ካለኝ ላይ ሃያ ስምንት ሺህ ከፈልኩ። ኮከቤ ሳምንቱን ሙሉ «ወረቀቱ ጨነገፈ» እያለች እየሳቀች ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ወራቱን ጽፌልሽ ነበር። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የጾም ቀን ስትቆጥሪ ከመሪጌታ የማትተናነሺ፣ ሁዳዴን እንዴት ረሳሽው?

ውባየሁ

*

ጅቡቲ፣ የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንኳን ለጾሙ በሰላም አደረሳችሁ።

እውነትህን ነው፣ ተሳስቼአለሁ። ቸኩዬ ነው። እንኳን አልገዛህ። ፅዮንን እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ።

ደህና ነኝ። ምንም አልጎደለኝም፣ ጠግቤ ነው የማድረው። በሶው እንዴት እንደናፈቀኝ አልነግርህም፣ ጣሳው ውስጥ ስጨብጠው የኪራይ ቤታችን ሽታ መጣ። ካላስቸገርኩህ ስምንት ኪሎ ያህል ላክልኝ። ናፍቆቱ ባሰብኝ መሰለኝ።

ለእማዬ እጽፋለሁ።

ሰርካለም

*

ሞላሌ፣ መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለአክስቴ ልጅ፣ ለአንድ ጣሳ ጓደኛዬ ለሰርካለም፣

እናትሽ ጤና ናቸው። ሌላውን ሰላምታ ስትመጪ እሰጥሻለሁ።

ሦስት ቀን አላረፍኩም። ደብዳቤዎችሽን አምጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው፣ ያለፈውና ያሁኑ። ከዚያ አንቺው ያስተማርሽኝን ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቅሁሽ። አትቆጪኝ፤ ሥራሽ ነው።

1. ገቢ አለ ወይ? በሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ስለ ደመወዝ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ዜሮ።

2. ጥሬ ገንዘብ ይገባል ወይ? በጥቅምት ለእናትሽ ሦስት ሺህ። በታኅሣሥ «በሚቀጥለው»። በየካቲት «እጽፋለሁ»። ዜሮ። የምልሽ ገንዘቡ ቀረ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እናትሽ የላክሽውን አንድም ብር አልፈቱም፣ መቀነታቸው ውስጥ ነው።

3. ካለፈው ይሻላል ወይ? የመጀመሪያው ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነው። ሁለተኛው አንድ ገጽ። ሦስተኛው ግማሽ። ዜሮ።

4. እንዳታልፋት ያልሽኝ አራተኛዋ። እጅ የገባው ከተባለው ይበልጣል ወይ? የተባለው «ደህና ነኝ»፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው»፣ «ምግብ ሞልቷል»፣ «ምንም አልጎደለኝም» ነው። እጄ የገባው ግን የስምንት ኪሎ በሶ ጥያቄ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ዜሮ።

5 እና 6. ዕዳሽን አላውቅም። የማታውቀውን ዜሮ በለው ብለሻል።

7. ከሰው ሳይጠይቅ ከርሟል ወይ? ከርመሻል። ከበሶ በቀር ከማንም ምንም አልጠየቅሽም። አንድ ሰጠሁሽ፣ በንዴት።

8. ቤቱስ? ከፎቅ ወደ መጋዘን ዳር። ገብረ አማኑኤልን አፋጠጥኩት። «ውጭ በሩ ላይ ነው የምትቀበለኝ። ግባ ብላኝ አታውቅም» አለ። የመንዝ ሰው እንግዳ በር ላይ ሲያቆም ደህና አይደለም። ዜሮ።

9. እጅ ጽሑፍሽ ያው ነው፣ አልተንቀጠቀጠም። አንድ።

ሁለት ከዘጠኝ።

አሁን በሶው። ናፍቆት ነው አልሽ። እኔም አምኜ ነበር፣ ሁለት ኪሎ ስትይ። ግን ሰርካለም፣ ናፍቆትን አንድ እፍኝ ያስታግሰዋል። ስምንት ኪሎ ናፍቆት አይበላም፣ ስምንት ኪሎ የሚበላው ረሃብ ነው። ደግሞ ሽሮ አላልሽ፣ ገብስ አላልሽ፣ ምስር አላልሽ። በሶ። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ጓሮ ሁለት ዓመት በሶ የበላነው ወደን አይደለም። በሶ እሳት አይፈልግም። በሶ ብቻ የምትጠይቅ ሰው ምድጃ የላትም።

«ጠግቤ ነው የማድረው» ብለሽ ስትጽፊ ደግሞ ጣሳውን ወደኔ ስትገፊው አየሁሽ። ያኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ፣ ርቦኝም ነበር። አሁን አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ደግሜ ዝም አልልም። አባቴ እንዳለው፣ ጥሪውን ትቼ ሣሩ ሲወዛወዝ አየሁ። አግኝቼሻለሁ።

ሦስት ካገኘ ሽሽ፣ ብለሻል። ለአክሲዮን እውነት ነው። እኛ ግን ጓሳ ሲሳሳ አንሸሸውም፣ አንሸጠውምም። እንዘጋዋለን። ማጭድ አይነካውም፣ ከብት አይገባበትም፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ያርፋል። ሲያርፍ ከአንገት በላይ ይሆናል፣ አይተሽዋል።

ስለዚህ ነይና እንዝጋሽ። ማንም ገንዘብ አይጠይቅሽም፣ ማንም ስንት ይዘሽ መጣሽ አይልሽም። ኮከቤ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱን አዘጋጅታለች፣ አልጽፈውም፣ ጾም ነው። የእናትሽ የሱፍ ባና አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል፣ በዚያ በኩል እኔ እተኛለሁ።

ሁለት በግ ሸጬ የመምጫሽን ልኬአለሁ፤ አንካሳዋን አይደለም፣ እሷን ማንም አልገዛኝም። ገንዘቡ በሶው ውስጥ ነው፣ ከታች፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በሶውም ስምንት ኪሎ አይደለም። ሁለት ኪሎ ነው፣ ለመንገድ የሚበቃ። ቀሪው ስድስት ኪሎ እዚህ ነው ያለው።

ወንድምሽ ውባየሁ

*

ደብረ ሲና፣ መጋቢት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ውባየሁ፣

ይህን የምጽፍልህ መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ገብረ አማኑኤል እዚህ አወረደኝና ወደ አዲስ አበባ አለፈ። የሞላሌው መኪና ሞልቷል፣ ነገ ጠዋት ትሄጃለሽ አሉኝ። ወረቀቱን ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ፣ ከኔ አንድ ቀን ይቀድማል። ለእማዬ ቀስ ብለህ ንገራቸው፣ በድንገት እንዳያዩኝ።

ፊት ለፊት ልነግርህ ስለማልችል እዚሁ ልጨርሰው። ድርጅቱ ከጳጉሜ ጀምሮ አልከፈለኝም። በጥቅምት ለእማዬ የላክሁት የመጨረሻዬ ነበር። በኅዳር ክፍሌን ለቀቅሁ፣ የመጋዘኑ ጠባቂ ሆንኩ። መጋዘኑ ውስጥ ብስኩትና ፓስታ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አበዳሪዎቹ ቆጥረው አሽገውታል፣ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። አንድም አልነካሁም ጋሼ። እሽጉ ላይ ተደግፌ የናንተን በሶ ጨበጥኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የምሠራበትን ድርጅት ከሁለት ዓመት በፊት በዘጠኙ ጥያቄ መዝኜው ነበር። ሁለት ነበር ያገኘው። ለአንተ ሽሽ ብዬ የጻፍኩ ሰው፣ ራሴ ግን ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ወዴት እሸሻለሁ፣ ምን ይዤ እመለሳለሁ፣ ምን ይሉኛል እያልኩ። እንዝጋሽ የሚለኝ እንዳለ አላወቅሁም።

ሁለት ብለህ የሰጠኸኝ ልክ ነው፣ አንድም አላጭበረበርክም። ግን ዛሬ ከመኪና ስወርድ የተርማበር ተራራ ጉም ቁልቁል መጥቶ አንገቴ ውስጥ ገባ፣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ከስንት ዓመት በኋላ በረደኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጋቢያቸውን ከፍለው አለበሱኝና «በልተሻል?» አሉኝ።

«አልበላሁም» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስት በለው።

ሰርካለም